አዋሽ ሰባት፦ ባቡሩ የሚያድርበት ጣቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደረሳል። አገሩ ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም። ዛሬ ከተማዋን በደንብ የሚያውቃት የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ወይም ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ሲያልፍ ምሳ የበላባት መንገደኛ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ሲባል ግን ከተማዋ የተወለደችበት ቦታ ይገኛል። የድሮው የባቡር ጣቢያ ነው።

በመስመሩ ላይ ብዙ ትናንሽ ጣቢያዎች አሉ። መኢሶ አለ፣ መተሐራ አለ፣ ሞጆ አለ። አዋሽን ከነዚህ የሚለያት፣ ባቡሩ እዚህ ያድር የነበረ መሆኑ ነው። ለብዙ ዓመታት ከጂቡቲ አዲስ አበባ መድረስ 3 ቀን ይፈጅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ድሬዳዋ ይታደራል፣ በሁለተኛው አዋሽ፣ በሦስተኛው አዲስ አበባ ይገባል። ሐዲዱ አንድ ብቻ ነው፤ የሚያልፈውም ሰው በሌለበት በረሃ ነው። ደራሽ ውሃ መሬቱን ከሐዲዱ ሥር ጠርጎ ቢወስደው ነጂው በጨለማ አያየውም። ስለዚህ ሲመሽ ባቡሩ ይቆማል።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከአዋሽ በፊት ነው። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ሥራውን በ1886 ዓ.ም. ፈቀዱ። ሥራው በ1890 ከጂቡቲ ተነሣ። በ1895 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰና እዚያው ቆመ። ገንዘብ አለቀ፣ የመጀመሪያው ኩባንያም ከሰረ። በ1900 ፈቃዱ ለንጉሡ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ፤ ሰውዬው በካሪቢያን ባሕር ያለችው የፈረንሳይ ደሴት የጓድሎፕ ተወላጅ ነበሩ። አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተቋቋመና ሥራው ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ቀጠለ። ሕዝቡ በፈረንሳይኛው ስም «ሸመንደፈር» ያለው ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ ያለው «ለገሃር»ም የመጣው «ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

ከድሬዳዋ ወዲህ የመሐንዲሶቹ ትልቁ ራስ ምታት የአዋሽ ወንዝ ነበር። ወንዙ ጊንጪ አካባቢ ይነሣል፤ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በዚህ ቦታ ግን መሬቱን በጥልቁ ሰንጥቆት ያልፋል። ሜዳው ላይ የቆመ ሰው ገደሉን አያየውም፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው መሬቱ ድንገት የሚከዳው። በዚያ ላይ የብረት ድልድይ ተዘረጋ። ከድልድዩ ወዲህ ደግሞ ዳገቱ ይጀምራል። ከአዋሽ የተነሣ ባቡር አዲስ አበባ እስኪገባ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። ሎኮሞቲቩ ያንን ዳገት በማለዳ፣ ካረፈ በኋላ ቢጀምረው ይሻል ነበር። የአዋሽ ማደሪያነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ግንቦት 30 ቀን 1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ ግን አላዩትም፤ ካረፉ ከ3 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ጠቅላላው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው፤ ከዛሬው አዲሱ ሐዲድ በእጅጉ ይጠባል።

አሁን ወደ ማደሪያው ልመለስ። ከጣቢያው አጠገብ ቡፌ ዳዋሽ የሚባል ሆቴል አለ። የአዲስ አበባ ሰው ቡፌ ደ ላ ጋርን ያውቃል፤ የአዋሹ የእሱ የገጠር ወንድም ነው። አንድ ፎቅ እንኳ የለውም፣ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው፤ በረንዳው ሰፊ ነው፣ ቡጋንቪላ ያለብሰዋል። ገንዘብ ያለው ተሳፋሪ እዚያ አልጋ ይይዛል፣ ራቱን በጠረጴዛ ይበላል። ሌላው ጓዙን ተንተርሶ ያድራል። ሚኒስትርም ነጋዴም ዲፕሎማትም አዋሽ ላይ አንድ ሌሊት ማደሩ የማይቀር ነበርና በዚያ በረንዳ ላይ ያልተቀመጠ የለም ማለት ይቻላል።

እኔ ቡፌው ያደርኩት ባቡሩ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ነው። በረንዳው ላይ ቡና አዝዤ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ሐዲዱ ነበር፤ በሣር ተውጧል፣ ፍየሎች በመሃሉ ይግጣሉ። መሸት ሲል ሙቀቱ ቀነሰና ንፋስ መጣ። ባቡር ባይኖርም ሆቴሉ አሁንም ወንበሮቹን ወደ ሐዲዱ አዙሮ ነው የሚያስቀምጠው።

ይህ ትንሽ ጣቢያ የአገሪቱን ትልልቅ ቀኖች አይቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለስደት ወደ ጂቡቲ የሄዱት በባቡር ነው፤ በአዋሽ በኩል አልፈዋል። ከ5 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1933 ላይ፣ ጣሊያኖች ሲሸሹ የአዋሽን ድልድዮች አፈረሱ። የእንግሊዝ ጦር ግን ወንዙን ተሻግሮ በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ገባ። ድልድዩ ተጠግኖ ባቡሩ እንደገና ተነሣ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዲዝል ሎኮሞቲቮች የእንፋሎቱን እየተኩ መጡ። ጉዞው አጠረ፤ አዋሽ ላይ ማደርም እየቀረ ሄደ። ጣቢያው ግን ሥራ አልፈታም። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ከተቃራኒ አቅጣጫ ቢመጣ የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ ነው፤ አንዱ ጥጉን ይይዝና ሌላውን ያሳልፋል። ጭነት ይወርዳል፣ ጭነት ይጫናል። በዙሪያው አፋሮችና ከረዩዎች ይኖራሉ፤ በገበያ ቀን ግመልና ፍየል እየነዱ ይመጣሉ። መንግሥት በ1951 ዓ.ም. የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ ያዘ። ጂቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ ድርጅቱ የሁለቱ አገሮች ሆነ፤ የኢትዮ-ጂቡቲ ምድር ባቡር ተባለ።

ስለ አዋሽ ሲወራ የማይታለፍ አንድ አደጋ አለ። ጥር 1977 ዓ.ም. ነው። አገሩ በድርቅ ተጎሳቁሏል። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ባቡር 1,000 ያህል ሰው ጭኖ ነበር። አዋሽ አጠገብ ድልድይ ላይ ያለውን ኩርባ በከፍተኛ ፍጥነት ገባና ከሐዲዱ ወጣ። ከ5ቱ ፉርጎዎች 4ቱ ገደል ገቡ። 428 ሰዎች መሞታቸው ተነገረ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከሁሉ የከፋው አደጋ ይኸው ነው። ይህን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ያለቀበት ነገር በየዓመቱ በአገር ደረጃ ሊታሰብ ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ብዙ ወጣት አዋሽን ሲያልፍ ይህን አያውቅም።

ከዚያ በኋላ መስመሩ እያረጀ ሄደ። መለዋወጫ ጠፋ፣ ሐዲዱ ተበላ፣ መኪናው አስፋልቱን ይዞ ጭነቱን ወሰደ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ጨርሶ ቆመ።

አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ ሐዲዱም ሰፊ ነው። ከሰበታ እስከ መኢሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ ሠራው፣ ከመኢሶ ጂቡቲ ድንበር ላይ እስካለችው ደወሌ ያለውን ሌላው። ድሮ 3 ቀን የፈጀው መንገድ አሁን ግማሽ ቀን ገደማ ነው። አዋሽም አዲስ ጣቢያ አግኝታለች። እንደ ሌሎቹ አዳዲስ ጣቢያዎች ሁሉ ይህም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የድሮው ጣቢያ ከተማ ፈጥሮ መሃሉ ተቀመጠ፤ ወደ አዲሱ ለመሄድ ግን ባጃጅ ይፈለጋል። በካርታ ላይ ካየነው አዋሽ ከድሮውም የበለጠ ቦታ ይዛለች። በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያና ሐራ ገበያ የሚሄደው 390 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር የሚገነጠለው ከእሷ ነው። ሥራውን የያዘው ያፒ መርከዚ የተባለ የቱርክ ኩባንያ ነው። ያ መስመር በወጉ ሥራ ሲጀምር፣ የሰሜን ጭነት ወደ ወደብ የሚወርደው በአዋሽ ይሆናል።

የድሮውን ጣቢያ ማየት የሚፈልግ ሰው ማለዳ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ከረፋዱ በኋላ ፀሐዩ አያስቆምም። ከቡፌው ተነሥቶ ሐዲዱን ተከትሎ ወደ ገደሉ በእግር መሄድ ይቻላል። ከሐዲዱ ሥር የተነጠፈው እንጨት እንዳይመስላችሁ፣ ብረት ነው። የቆላ ምስጥ እንጨቱን ስለማይምረው መስመሩ ሲሠራ ብረት መረጡ። እኔ ስረግጠው ባዶ ጣሳ የተመታ ይመስል ድምፅ ሰጠ። ስመለስ በአንድ ግቢ አጥር ላይ ዓይኔ ዐረፈ፤ በሩን የያዘው ምሰሶ ቁራጭ ሐዲድ ነበር። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ አሁንም አለ። ባለቤቶቹ ሽቦ አሳልፈውበት ልብስ አስጥተውበታል።