የሬዲዮ ስትሪም ምንድን ነው? ስማርት ስፒከር ያለ ኤፍ ኤም አንቴና ጣቢያ የሚያሰማው እንዴት ነው

ሐዋሳ ውስጥ ስማርት ስፒከር አዲስ የገባበት ቤት ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ይሄ ነገር ኤፍ ኤም ይስባል?» የሚል ነው። አይስብም። በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የሚመጡት የአማዞን ኢኮም ሆኑ የጉግል ኔስት ስፒከሮች ውስጣቸው የኤፍ ኤም መቀበያ የለም። ያላቸው ዋይፋይና ብሉቱዝ ነው። ጣቢያ ክፈት ሲባሉ የሚያሰሙት ድምፅ ከአየር ላይ የተያዘ ሞገድ ሳይሆን ከኢንተርኔት እየተቀዳ የሚመጣ ነው፤ ይህ ያለማቋረጥ የሚፈስ ድምፅ ስትሪም ይባላል። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ስፒከሩ ለምን ዳታ እንደሚበላ፣ ለምን ከጎረቤት ሬዲዮ ወደኋላ እንደሚቀር፣ ለምንስ እንደሚቆራረጥ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ድምፁ የሚመጣበት መንገድ

ስቱዲዮ ውስጥ የተናገረው ጋዜጠኛ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ኤፍ ኤም ማሰራጫው ይሄዳል። ሌላው ኢንኮደር ወደሚባለው ኮምፒዩተር ይገባል። ኢንኮደሩ ድምፁን ጨምቆ፣ ብዙ ጊዜ በኤምፒ3 ወይም በኤኤሲ አድርጎ፣ ወደ ሰርቨር ይልከዋል። ሰርቨሩ ደግሞ ለጠየቀው አድማጭ ሁሉ ለየብቻው ቅጂ ያድላል።

ከኤፍ ኤም ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የኤፍ ኤም ማሰራጫ አንድ ሰው ሰማው መቶ ሺህ ሰው፣ ልፋቱ ያው ነው። ሰርቨር ግን አንድ አድማጭ በተጨመረ ቁጥር ሸክሙ ይጨምራል። ጣቢያው የተከራየው አገልግሎት ለ500 አድማጭ ቢሆን 501ኛው ደጅ ይቀራል። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ፕሮግራም ሲጀምር ስፒከሩ «ጣቢያው አሁን አይገኝም» ካለና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያለ ችግር ከከፈተ፣ ቤት ውስጥ የሚነካካ ነገር ላይኖር ይችላል።

በመካከል አንድ ሦስተኛ ወገን አለ፦ ማውጫው። ስፒከሩ የጣቢያዎቹን አድራሻ ራሱ አያውቅም፤ እንደ ቱንኢን ያለ አገልግሎት ይጠይቃል። ቱንኢን የጣቢያውን ስምና የስትሪሙን አድራሻ መዝግቦ የያዘ ትልቅ የስልክ ደብተር እንደማለት ነው። ጣቢያው ሰርቨር ቀይሮ ማውጫው ላይ አዲሱ አድራሻ ካልገባ፣ ስፒከሩ ስሙን አግኝቶ «እየከፈትኩ ነው» ይልና ዝም ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ ይነቅለዋል። ሌላ ጣቢያ ሞክሮ ከሠራ ግን ስፒከሩ ደህና ነው።

ሐዋሳ ላይ ሲሆን

ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው ዓይን እንደሚያይ ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ ተራራ ይጋርደዋል፣ የመሬት ክብነትም ያስቀረዋል። አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ እዚያ ካለ ማሰራጫ የሚወጣ ኤፍ ኤም በቀጥታ እዚህ አይደርስም። ጣቢያው አቅራቢያችን ማሰራጫ ካልተከለ በስተቀር ታቦር ተራራ ላይ አንቴና ይዞ መውጣትም ዋጋ የለውም። ስትሪም ግን ርቀት አያግደውም። የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ለለመደ ሰው፣ አገር ውስጥ የማይሰራጭ የሙዚቃ ወይም የዜና ጣቢያ ለሚፈልግም ስማርት ስፒከር እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

ለሐዋሳ ለራሷ ጣቢያዎች ግን ተራውን ሬዲዮ አይጣሉ። ዳታ አይፈልግም፣ አይዘገይም፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ድንጋይ ይሠራል።

ከሶኬት ጀምሮ

ከአሜሪካ የመጣ ስፒከር መሰኪያው ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ ለሁለት ክብ እግር የተሠራ ነው። ከመሰካትዎ በፊት አዳፕተሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ያንብቡ፤ «ኢንፑት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የእኛን 220 ቮልት ይችላል። የሚያስፈልገው የመሰኪያ ቅርጽ መለወጫ ብቻ ነው እንጂ ትራንስፎርመር አይደለም። አዳፕተሩ ቢጠፋ ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ የሌላ ዕቃ አዳፕተር አይሰኩ። ኢኮ ዶት ከ3ኛው ትውልድ ወዲህ 12 ቮልት ይወስዳል፣ ኔስት ሚኒ 14 ቮልት፤ ሁለቱም ባለ 15 ዋት ናቸው፣ ግን አንዱ በሌላው አይተካም።

ዘመድ ተጠቅሞበት የላከው ከሆነ ስፒከሩ እስካሁን በእሱ አካውንት ተመዝግቦ ይሆናል። መጀመሪያ እሱ ባለበት አገር ሆኖ ከራሱ አፕ ላይ ያውጣው። ከዚያ እዚህ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሱት፦ በእነዚሁ ኢኮ ዶቶች ላይ ነጥብ ያለበትን ቁልፍ 25 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። ብርቱካናማ መብራት ሲዞር ለመመዝገብ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ቀይ ቀለበት ካዩ ግን የተበላሸ ነገር የለም፤ ማይክራፎኑ ተዘግቷል፣ የማይክራፎኑን ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል።

ዋይፋዩ የቤት ራውተር ቢሆን ይመረጣል። ከተገናኙ በኋላ ብሮውዘር ተከፍቶ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ዋይፋይ፣ እንደ ሆቴልና እንደ ግቢ ኔትወርክ ያለው፣ ለስፒከሩ አስቸጋሪ ነው፤ ስፒከሩ ያንን ገጽ የሚሞላበት ስክሪን የለውም። የስልክ ሆትስፖት ይሠራል፤ ሆኖም ስልኩን የያዘው ሰው ከቤት ሲወጣ ሬዲዮውም አብሮት ይወጣል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ አፑ ውስጥ የሰዓት ክልሉን ጂኤምቲ ሲደመር 3 ላይ ያድርጉት። ስፒከሩ የእኛን ሰዓት አቆጣጠርም አያውቅም። የጠዋቱን 1 ሰዓት ዜና በራሱ እንዲከፍት ከፈለጉ «ሰቨን ኤ ኤም» ማለት አለብዎት። «ዋን» ካሉት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቤተሰቡን ይቀሰቅሳል፣ ወይም ከቀኑ 7 ሰዓት ድረስ ዝም ይላል።

የጣቢያ ስም ሲስት

የኢኮ ረዳት አሌክሳም ሆነች የጉግሉ ረዳት አማርኛ አይሰሙም። በእንግሊዝኛ ትእዛዝ መካከል «ሸገር» ወይም «ፋና» ሲገባ፣ ስፒከሩ የሚመስለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይፈልግና ያልታሰበ ዘፈን ይከፍታል። ድምፅ ከፍ አድርጎ መደጋገም አይጠቅምም። ሦስት ዘዴ ግን አለ።

የመጀመሪያው ስሙን ከሞገድ ቁጥሩና ከማውጫው ጋር መጥራት ነው፦ «አሌክሳ፣ ፕሌይ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ኦን ቱንኢን»፤ ቁጥሩንም በእንግሊዝኛ። ቁጥር ከስም ይልቅ በትክክል ይሰማላታል፤ «ኦን ቱንኢን» የሚለው ደግሞ ዘፈን ከመፈለግ ያግዳታል።

ሁለተኛው ሩቲን ነው፦ አንድ ሐረግ ሲባል አስቀድሞ የተጻፈ ትእዛዝ እንዲፈጸም አፑ ላይ ማዘጋጀት፤ የሚያዋጣው ይሄ ነው። በቅድሚያ ስልክዎ ላይ ቱንኢን ከፍተው ጣቢያው መኖሩንና ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ይዩ። ቀጥሎ አሌክሳ አፕ ውስጥ «ሞር»፣ ከዚያ «ሩቲንስ» ይግቡና የመደመር ምልክቱን ይጫኑ። መቀስቀሻው በድምፅ እንዲሆን መርጠው አሌክሳ የማትስተውን ቀላል የእንግሊዝኛ ሐረግ ይስጡት፤ ለምሳሌ «ሞርኒንግ ሬዲዮ»። ድርጊቱ ላይ «ከስተም» የሚለውን ይምረጡና ሙሉውን ትእዛዝ ይጻፉ፦ «ፕሌይ»፣ የጣቢያው ስም ልክ ማውጫው ላይ እንዳዩት ፊደል በፊደል፣ «ኦን ቱንኢን»። ከስተም ድርጊት የሩቲኑ መጨረሻ መሆን አለበት፤ ድምፅ መጨመሪያ ወይም ሌላ ነገር ካለ ከእሱ በፊት ይግባ። ከዚህ በኋላ ስሙን የሚናገር ሰው የለም፤ ጽሑፉ ራሱ ይታዘዛል። እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናት ወይም አያት እንኳ ሁለቱን ቃል ከለመዱ ማንንም ሳይጠሩ ሬዲዮአቸውን ይከፍታሉ። ጉግል ሆም አፕ ላይም ተመሳሳይ ሩቲን ይሠራል።

ሦስተኛው ጣቢያው ማውጫው ላይ ጨርሶ ከሌለ ነው፦ ከስልክ ማሰማት። በብሉቱዝ ሲሆን ስትሪሙን የሚቀዳው ስልኩ ነው፣ ስፒከሩ ተራ ድምፅ ማጉያ ይሆናል። ስልክ ሲደወል ሬዲዮው ይቋረጣል፤ ከ10 ሜትር አልፎ ወደ ግቢ ሲወጣም መንተባተብ ይጀምራል። የጉግል ስፒከር ከሆነ ግን አፑ «ካስት» ምልክት ካለው ይሻላል፤ ስልኩ አድራሻውን ለስፒከሩ ያቀብለውና ስፒከሩ ራሱ ይቀዳል፣ ስልኩም ነፃ ይሆናል።

ጎል ጎረቤት ቤት ቀድሞ ሲሰማ

«ቀጥታ» ስርጭት ቢባልም ስትሪም ሁልጊዜ ወደኋላ ይቀራል። ኢንኮደሩ ለመጨመቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ሰርቨሩ ይጨምርበታል፣ ስፒከሩ ደግሞ መስመሩ ለአፍታ ቢደክም ድምፁ እንዳይቆረጥ ጥቂት ሰከንድ የሚሆን ድምፅ አስቀድሞ ያከማቻል። ይህ ክምችት ቋት ይባል፤ በእንግሊዝኛው በፈር የሚሉት ነው። ሁሉም ሲደመር ከ10 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይዘገያል። የሐዋሳ ከተማ ጨዋታ በሬዲዮ ሲተላለፍ በኤፍ ኤም የሚከታተለው ጎረቤት ጮኾ ከተቀመጠ በኋላ ነው ኳሱ እርስዎ ቤት የሚገባው። የሚስተካከልበት ቁልፍ የለም። ስለዚህ ሰዓትዎን በስፒከሩ የሰዓት ምልክት አይሙሉ። ሁለት ክፍል ውስጥ አንዱን በኤፍ ኤም ሌላውን በስትሪም መክፈትም አይሆንም፤ ቤቱ የገደል ማሚቶ ይሆናል።

ስንት ዳታ ይበላል

ሒሳቡ ቀላል ነው። የስትሪም ጥራት በኪሎቢት በሰከንድ ይለካል። በ64 የሚያሰራጭ ጣቢያ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ፣ በ128 የሚያሰራጭ ደግሞ 58 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። 1 ጊጋባይት በመጀመሪያው 34 ሰዓት፣ በሁለተኛው 17 ሰዓት ያስኬዳል ማለት ነው። ከጠዋት 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ሳይዘጋ የሚውል ስፒከር በ30 ቀን ከ10 እስከ 21 ጊጋባይት ይጨርሳል። ያልተገደበ የቤት መስመር ላለው ይህ ምንም አይደለም፤ ከቪዲዮ ጋር ሲተያይ ጠብታ ነው። ጥቅል እየገዛ በሆትስፖት ለሚያሰማ ግን ትልቅ ወጪ ነው።

ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ድምፁን ዜሮ አድርጎ መሄድ ነው። ጆሮ ባይሰማውም ስትሪሙ ይፈሳል። «ስቶፕ» ማለት ያስፈልጋል። ሬዲዮ እየሰማ የሚተኛ ሰው «አሌክሳ፣ ሴት ኤ ስሊፕ ታይመር ፎር 30 ሚኒትስ» ብሎ ይተኛ፤ በግማሽ ሰዓት ራሷ ትዘጋዋለች።

ሲቆራረጥ ጥፋተኛውን መለየት

ስፒከሩን ከመንቀልዎ በፊት ስልክዎን በዚያው ዋይፋይ ላይ አድርገው ያንኑ ጣቢያ ይክፈቱ። ስልኩ ከራውተሩ አጠገብ ሆኖ ደህና እያሰማ ስፒከሩ ብቻ ከተቆራረጠ ችግሩ ቦታው ነው። ሁለቱም ከተቆራረጡ ስልኩን ከዋይፋይ አውጥተው በሞባይል ዳታ ይሞክሩ፤ ከሠራ የቤት መስመርዎ ደክሟል፣ እዚያም ከተቆራረጠ ሌላ ጣቢያ ይሞክሩ። ሌላው ከሠራ ችግሩ የጣቢያው ነው፣ መጠበቅ ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነው፤ ሳያደርጉት ቴክኒሻን አይጥሩ።

ቦታው ከሆነ፦ ዋይፋይ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ይከብደዋል። 2.4ቱ ግድግዳ ይሻገራል፣ ለሬዲዮ የሚሆን ፍጥነትም ከበቂ በላይ አለው። በብሎኬትና በኮንክሪት በተሠራ ቤት ስፒከሩን 2.4 ላይ ማገናኘት ይሻላል። ከማይክሮዌቭና ከፍሪጅ ጎን ያንሱት፤ በቆርቆሮ ከተከለለ ጓዳ ውስጥም አያስቀምጡት፣ ብረት ሞገድ አያሳልፍም።

መብራት ሲጠፋ ኢኮ ዶትም ኔስት ሚኒም ወዲያው ይዘጋሉ፤ ባትሪ የላቸውም። ራውተሩን ብቻ በሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያስቀጥል ትንሽ ዕቃ) ማስነሳት ለስልክዎ ዋይፋይ ይጠቅማል እንጂ ሬዲዮውን አያተርፍም። ኢኮ ዶትም ከሚኒ ዩፒኤሱ ላይ እንዲሠራ ከተፈለገ መውጫው 12 ቮልት መሆኑን፣ ራውተሩንና ስፒከሩን አንድ ላይ የሚችል አምፔር እንዳለው አስቀድሞ ማየት ነው፤ ስፒከሩ ብቻውን እስከ 1.25 አምፔር ይጠይቃል። መብራት ሲመለስ ራውተሩ ተነስቶ መስመር እስኪይዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ስፒከሩ ይጠብቀውና ራሱ ይገናኛል። ጣቢያው ግን ዳግም እስኪጠራ ድረስ አይከፈትም።