ብር፦ ከጠገራው እስከ ወረቀቱ

ገበያ ላይ «ስንት ብር ነው?» ሲባል ማንም ስለ ማዕድን አያስብም። ስሙ የወጣው ግን ከማዕድኑ ነው። ብር ለረጅም ዘመን የሚያቃጭል፣ እጅ ላይ የሚከብድ የብር ሳንቲም ነበር። አገሬው ጠገራ ብር ይለዋል። የውጭ ስሙ ማሪያ ቴሬዛ ታለር ነው።

አክሱም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የራሷን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ ታስቀርጽ ነበር። ከእሷ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ግብይቱ በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅና በሚዛን በሚሰፈር ወርቅ ሆነ።

ጠገራው በቀይ ባሕር ንግድ በኩል የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ይመስላል። የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ግን ያንኑ ዓመት ይዞ ቀጠለ፤ ነጋዴው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልማ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ነው። ጠርዙ ላይ ጽሑፍ ስላለው የተሸረፈው ወዲያው ይነቃበታል። ጠንቃቃ ነጋዴ ደግሞ ሳንቲሙ ላይ ምስሏ ያለውን የሴትዮዋን ጌጥ ዕንቁዎች ሳይቀር አይቶ ነበር የሚቀበለው።

ይህን ምርጫ ኃያላኑም ማክበር ነበረባቸው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1867 እና 1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ለበቅሎና ለገፈራ የሚከፍሉት ሌላ ገንዘብ አላዋጣቸውም። ቪየና ድረስ ልከው በሚሊዮን የሚቆጠር ጠገራ አስመጡ።

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ፓሪስ ላይ የራሳቸውን ብር አስመቱ። በአንድ ገጽ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው የይሁዳ አንበሳ አለበት። ክብደቱ ከጠገራው እኩል ነው። ግማሹ አላድ፣ ሩቡም ሩብ ተባለ። ለአፍሪካዊ መንግሥት በዚያ ዘመን ቀላል ሥራ አልነበረም። ገበያው ግን ወዲያው እጅ አልሰጠም፤ በብዙ ቦታ «ሴትዮዋን አምጣ» ነበር ነገሩ።

ጣሊያንም ይህን ታውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ ጠገራ ሮም ውስጥ ማምረት ጀመረች። ብሪታንያም ብዙ ሳትቆይ ለንደን ላይ፣ በኋላም ቦምቤይ ላይ መምታት ጀመረች።

እ.ኤ.አ. በ1945 በመቶ ሳንቲም የሚመነዘረው አዲሱ ገንዘብ ወጣና የጠገራው ሥልጣን አበቃ። ስሙ በአማርኛ ያው ብር ሆነ። በእንግሊዝኛ ግን «የኢትዮጵያ ዶላር» ተባለ። ነገሩ አስቂኝ ነው፤ ዶላር የሚለው ስም ራሱ ከታለር የተወለደ ነውና። ለፈረንጁም ገንዘቡ ብር ተብሎ በይፋ የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።