አይላንድ ውስጥ ያለችው ኤስ ከየት መጣች? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴትን እንግሊዞች አይላንድ ይሉታል። ሲጽፉት ግን መሃሉ ላይ የማትነበብ ኤስ አለች። ትምህርት ቤት «ሳይለንት ናት» ተብለን በዚያው ያለፍናት ናት። እኔ ግን ይሄን ቃል በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ስለሱ የሚነገረው ስህተት ራሱ ታሪክ አለው።

«ኤሷ ድሮ ትነበብ ነበር፣ ኋላ ነው ድምጿ የጠፋው።» ብዙ ሰው የሚያምነው ይሄንን ነው። ናይፍ (ቢላዋ) ሲጻፍ መነሻው ላይ ያለችው ኬ እውነትም ድሮ ትነበብ ነበር። የአይላንድ ኤስ ግን አንድም ጊዜ ተነብባ አታውቅም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ «ኢየግላንድ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ኢየግ ብቻውን ደሴት ማለት ነው፣ ሥሩም ከውሃ ጋር ይያያዛል፣ ላንድ ደግሞ መሬት ነው። ከዚያም «ኢላንድ» እየተባለ፣ ያለ ምንም ኤስ፣ ለዘመናት ተጻፈ። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግን የተማሩ ሰዎች ቃሉን «አይል» ከሚባል ሌላ ቃል ጋር አዛመዱት። አይልም ደሴት ማለት ነው፤ የመጣው በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ኢንሱላ» ነው። ኢንሱላ ውስጥ ኤስ ስላለች አይላንድም ውስጥ ሰነቀሯት። እዚያው ቀረች።

ስለዚህ «አይልና አይላንድ ዘመዳሞች ናቸው፣ አንዱ የሌላው ማሳጠሪያ ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። አንዱ ላቲን ነው፣ ሌላው የእንግሊዞቹ የራሳቸው። ኢየግ ዛሬም በቦታ ስሞች ጫፍ ላይ ይገኛል። ሼፒ የምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ስሟ ራሱ የበጎች ደሴት ማለት ነው፤ ሰዉ ግን «አይል ኦፍ ሼፒ» ስለሚለው ደሴትን ሁለቴ ይጠራዋል።

«አይል ትንሽ ደሴት ነው» የሚሉም አሉ። ታዲያ ከ200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነችው ታላቋ ብሪታኒያ ከብሪቲሽ አይልስ አንዷ አይደለችም እንዴ? ለንደን ውስጥ ያለው አይል ኦፍ ዶግስ ደግሞ ቴምዝ ወንዝ በሦስት በኩል የሚዞረው ሰፈር ነው።

ደሴት የግድ ባሕር ላይ መሆን አለበት የሚለውን እኛ ለማመን ይከብደናል። ጣና ላይ ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ አሉ፣ ዝዋይ ላይ ቱሉ ጉዶ አለ። እንግሊዝም ውስጥ ኢሊ የምትባለው ከተማ ያለችበት ከፍታ በረግረግ ስለተከበበ ደሴት ይባል ነበር። ረግረጉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጠንፈፍ ሲጀምር ዙሪያው እርሻ ሆነ፣ ስሙ ግን ቀረ።

አይስላንድን በተመለከተ፣ የአገሩ ሰዎች ስሟን ሲጽፉት የእንግሊዝኛውን አይላንድ ቁጭ ነው። ነገር ግን የበረዶ ምድር ማለት ነው እንጂ ደሴት ማለት አይደለም። እዚያ ኤሷ በደንብ ትነበባለች።

የላቲኑ ኢንሱላም ቢሆን የጂኦግራፊ ቃል ብቻ አይደለም። በ1869 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ ቆሽት ውስጥ ለብቻቸው ተሰባስበው የተቀመጡ ሕዋሶችን ገለጸ፤ በኋላ «የላንገርሃንስ ደሴቶች» ተባሉ። ከነዚህ ደሴቶች የሚወጣው ሆርሞንም በኢንሱላ ስም ተጠራ፤ የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን እሱ ነው።