ዚመሪት ምንድን ነው?

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንኮችን ፎቶ ልብ ብላችሁ እዩ። አንዳንዶቹ ልሙጥ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ትልም ያለበት ሻካራ ነገር ተለቅልቀዋል። ይህ ልባስ ዚመሪት ይባላል። የታንክ ሞዴል (ትንሽ የፕላስቲክ አምሳያ) የሚሠራ ሰው ይህን ነገር ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ዚመሪት የታንኩን ዕድሜ ያሳብቃል።

ነገሩን የወለደው ፍርሃት ነው። በ1942 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመኖች ለእግረኛ ወታደሮቻቸው ባለ ሦስት ማግኔት ፈንጂ አደሉ። ክብደቱ 3 ኪሎ ግድም ነው። ወታደሩ ታንኩ ሥር ድረስ ተጠግቶ ብረቱ ላይ ይለጥፈውና ይሸሻል። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ጠላትስ ይህንኑ ሠርቶ እኛ ላይ ቢለጥፍብን?» የሚል ነበር። መልሱ ስቱኮ ሆነ።

ስቱኮ ስል በእውነት ስቱኮ ማለቴ ነው። ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ላይ የሚለቀለቀውን አስቡት። የዚመሪት 40 በመቶው ባሪየም ሰልፌት ነው። 25 በመቶው አናጢዎች እንጨት የሚያጣብቁበት የነጩ ኮላ ዘር ነው። 15 በመቶው ቢጫማ የአፈር ቀለም፣ 10 በመቶው ዚንክ ሰልፋይድ፣ የቀረው 10 በመቶ ደግሞ ሰጋቱራ። አዎ፣ የእንጨት ቤቱ ሰጋቱራ። ስሙን ያገኘው ዚመር ከተባለው የበርሊን ኬሚካል ፋብሪካ ነው።

ብዙ ሰው ዚመሪት የማግኔትን ኃይል የሚያግድ ይመስለዋል። አያግድም። ሥራው ማግኔቱን ከብረቱ ማራቅ ብቻ ነው። ማግኔት ትንሽ እንኳ ፈቀቅ ካለ ጉልበቱ ይከዳዋል። ትልሙም የወጣው ለዚሁ ነው። ፈንጂው በትልሙ ጫፍ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ መሃሉ አየር ይሆናል፤ ልባሱ ሳይወፍርና ሳይከብድ ርቀቱ ይገኛል።

ልባሱ ፋብሪካ ውስጥ በሁለት ዙር ይቀባል። በሁለተኛው ዙር ላይ በጥርሳም መሣሪያ ትልሙ ይወጣና በእሳት ነበልባል ይደርቃል። መልኩ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ታይገር የተባለው ከባድ ታንክ ላይ አግድም ትልም ነው የሚታየው። አልኬት የተባለው ፋብሪካ የሠራው ሽቱግ 3 (የሚዞር ማማ የሌለው፣ ታንክ መሰል ተሽከርካሪ መድፍ) ላይ ግን እንደ ዋፍል ካሬ ካሬ ነው።

ሞዴል ሠሪ የሚሳሳተው በዋናነት ቀኑ ላይ ነው። ፋብሪካዎች መቀባት የጀመሩት በኦገስትና በሴፕቴምበር 1943 አካባቢ ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1944 እንዲቆም ታዘዘ። ልባሱ ሲመታ በእሳት ይያያዛል የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። ሙከራው ወሬውን ሐሰት ቢያደርገውም ልባሱ አልተመለሰም። በአጠቃላይ የአንድ ዓመት ነገር ነው።

እንግዲህ የቱኒዚያ በረሃ ታይገር ሠርታችሁ ዚመሪት ብትቀቡት ታሪኩ ይበላሻል። እንግሊዝ ቦቪንግተን ሙዚየም ያለው ታይገር 131 በኤፕሪል 1943 ቱኒዚያ ላይ የተማረከ ነው፤ ገላው ልሙጥ ነው። ከጁን እስከ ኦገስት 1944 ፈረንሳይ ኖርማንዲ ላይ የተዋጋ ታይገር ከሆነ ግን ልሙጥ ማድረጉ ነው ስህተቱ። ከትእዛዙ በኋላ ያለው ጊዜ ትንሽ ያስቸግራል። ቀድመው የተቀቡት መዋጋታቸውን ስላላቆሙ በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ይታያል። ስለዚህ እኔ ሁሌ የምለው አንድ ነው፦ ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት ፎቶና ቀን ያለው አንድ ታንክ ምረጡ። «የ1944 ታይገር» ብሎ መነሳት አይበቃም።

ውፍረቱም ሌላ ፈተና ነው። እውነተኛው ልባስ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ሞዴላችሁ ከእውነተኛው 35 ጊዜ የሚያንሰው (1/35) ከሆነ 5 ሚሊ ሜትርን ለ35 አካፍሉት፦ 0.14 ሚሊ ሜትር። ከወረቀት ትንሽ ወፈር ቢል ነው። ሰዎች ሁለት ክፍል ተለውሶ የሚደርቀውን ኤፖክሲ ስቱኮ ያድበለብሉና ታንኩ ጋቢ የደረበ ይመስላል። በእርጥብ ጣት እስኪሳሳ ድረስ ጫኑት። ከዚያ በተሰበረ ቀጭን የመጋዝ ምላጭ ትልሙን አውጡ፣ እጃችሁም ትንሽ ይንቀጥቀጥ። ፋብሪካ ውስጥም የሠራው የሰው እጅ ነው፤ መስመሩ እንደ ማተሚያ ቤት ሥራ ቀጥ ካለ ያስታውቃል።

ሁሉንም ቦታ አትቀቡ። ወታደር ቆሞ እጁ የሚደርስበትን ብረት ነው የሚቀቡት። ከጎን የሚንጠለጠሉት ቀጫጭን ብረቶች ብዙውን ጊዜ ልሙጥ ናቸው።

የተላጠ ቦታ ከሠራችሁ ደግሞ ቀለሙን አስቡ። ዚመሪት ሲሰበር ጠርዙ የራሱን ቢጫማ መልክ ያሳያል። ከሥሩ የሚወጣው ግን ወዲያው የሚያብለጨልጭ ብረት አይደለም። የግቢ በር ላይ ከዋናው ቀለም በፊት እንደሚቀባው ቀዩ አንቲረስት ያለ፣ ደብዛዛ ቀይ ነው።