«አሞ» ምንድን ነው? አለቃም ጦጣም የሆነው ቃል

«አሞ» ሲባል የአማርኛ ጆሮ ቶሎ የሚሄደው ወደ በሽታ ነው። አሞኛል፣ አሞታል፣ ምን አሞሽ ነው። ዓረብ አገር ከፊሊፒኖች ጋር የሠራች ሴት ግን ሌላ ነገር ትዝ ይላታል። እነሱ ስለ አሠሪያቸው ሲያወሩ «አሞ ኮ» ይላሉ፣ «አሠሪዬ» ለማለት። ቤይሩት የኖረች ከሆነች ደግሞ ልጆች ትልቅ ሰውን «ዐሞ» ብለው ሲጠሩ ሰምታለች፤ እሱ ዓረብኛ ነው፣ አጎቴ እንደማለት። ያቺ ፊሊፒኖ ጓደኛዋ የፓናይ ደሴቷ ከተማ የኢሎኢሎ ልጅ ከሆነች ደግሞ፣ በእናቷ ቋንቋ «አሞ» ጦጣም ነው።

አዎ፣ ጦጣ።

ቋንቋው ሂሊጋይኖን ይባላል፣ ተናጋሪዎቹ ኢሎንጎ። የሚነገረው በፓናይና በጊማራስ ደሴቶች፣ በኔግሮስ ደሴት ደግሞ ባኮሎድ ከተማ ባለችበት በምዕራቡ በኩል ነው፤ ወደ ደቡብ ሚንዳናው ሄደው የሰፈሩትም ይዘውት ሄደዋል። ብዙ ሰው የማኒላው ቋንቋ የታጋሎግ ዘዬ ይመስለዋል። አይደለም። ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፣ የቅርብ ዘመዶቹም ሴቡዋኖና ዋራይ ናቸው። ግን በፈረንጆቹ 1937 የብሔራዊ ቋንቋ መሠረት እንዲሆን የተመረጠው ታጋሎግ ስለሆነ፣ የኢሎንጎ ልጅ ቤት ውስጥ ሂሊጋይኖን እያወራ ትምህርት ቤትና ቴሌቪዥን ላይ ታጋሎግን ይለምዳል። የሁለቱ ቋንቋዎች ቃላት መጋጨት የሚጀምሩት እዚያ ጋ ነው።

አለቃው «አሞ» የመጣው ከስፓኒሽ ነው። ጌታ፣ ባለቤት ማለት ነው። ስፔኖች ከ1565 ጀምሮ እስከ 1898 ፊሊፒንስን ገዝተው ሄዱ፣ ቃሉ ግን ቀረ፤ ዛሬ ዱባይም ሆነ ሆንግ ኮንግ ያለች ሠራተኛ አሠሪዋን በእሱ ትጠራለች። (በስፓኒሽ «አሞ» «እወዳለሁ»ም ማለት ነው። እሷ ግን ስለ አሠሪዋ ስታወራ ያንን ለማለት ፈልጋ አይመስለኝም።)

ጦጣው ግን የአገሩ ቃል ነው። ታዲያ እንዴት አይምታታባቸውም? አለቃው ሲጠራ ድምፁ ጫን የሚለው «አ» ላይ ነው፣ ጦጣው ሲጠራ «ሞ» ላይ። በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ይሄ ልዩነት አይታይም። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ፊደላችንም የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ይበላል» ብዬ ብቻዋን ብጽፍ ሰውየው ነው የሚበላው ወይስ ምግቡ? ከጎኑ ያለውን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። እነሱም እንደዚያው። ለነገሩ የኛው «አሞኛል» ላይ «ሞ» ጠብቃ ነው የምትነበበው፣ የነሱ ላልታ ነው፣ ዝምድናም የላቸውም፣ አጋጣሚ ነው።

ሦስተኛም አለ፣ እንደውም ኢሎንጎዎች መሃል ቀኑን ሙሉ የምትሰሙት እሱን ነው። «እሱ ነው» ለማለት። «አሞ ኒ» ይሄ ነው። «አሞ ጊድ» ሲሉ ደግሞ «በቃ እሱ ነው!» እንደማለት ነው፤ «ጊድ» ማጠናከሪያ ናት፣ ምግቡ ሲጥማቸውም «ናሚት ጊድ» ይላሉ፣ ኢሎንጎ ያለ ጊድ የሚያወራ አይመስለኝም። «ካሙስታ?» ብላችሁ ሰላም ብትሏቸው «አሞ ማን ጊሃፖን» የሚል መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያው ነን፣ እንደተለመደው፣ ማለት ነው። ሂሊጋይኖን የማያውቅ የማኒላ ሰው ይሄን ቢሰማ «የቱ አለቃ?» ቢል አይፈረድበትም።

እንዲህ መልካቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው የሚለያየውን ቃላት በ1928 ሁለት ፈረንሳውያን «ሐሰተኛ ወዳጆች» አሏቸው፣ ስሙም በዚያው ጸና። ፊሊፒንስ ውስጥ ሞልተዋል። «ላንጋም» ታጋሎግ ላይ ጉንዳን ነው፣ ሴቡዋኖ ላይ ወፍ። «ካሞት» ሂሊጋይኖን ላይ እጅ ነው፣ ታጋሎግ ላይ ማከክ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ «ፓአ» ነው። ለኢሎንጎው ጭን ነው፣ ለታጋሎጉ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው እግር። «ማሳኪት አንግ ፓአ ኮ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ያስኬዳል፣ «ፓአዬን ያመኛል» ነው። ስለዚህ ኢሎንጎው ማኒላ ክሊኒክ ገብቶ ይሄን ቢል ነርሷ ጫማውን ልታስወልቀው ትችላለች፣ እሱን የሚያመው ግን ከጉልበቱ በላይ ነው። የተሳሳተ ሰው የለም። ቃሉ ድሮ ጭን ነበር፤ ማላይኛ ላይ እስከ ዛሬ «ፓሃ» ጭን ነው። ታጋሎግ ላይ ነው ወደ ታች የወረደው።