«ሳይቃጠል በቅጠል» እና ዩ-1206

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሽንት ቤቷ ብልሽት ስለጠፋችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ዩ-1206 ሲወራ «ካፒቴኑ ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ወደ ላይ አወጣት» የሚሉ አሉ። ተረቱ ያለ ቦታው ገብቷል።

ቅጠል እሳት የሚያጠፋው ገና ሣር ለሣር ሲሳብ ነው። እርጥብ፣ ቅጠሉ የበዛ የብሳና ወይም የወይራ ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ፣ እሳቱን ከሥሩ መትቶ ጫን ማለት ያስፈልጋል። ቅርንጫፉን ወደ ላይ ያወናጨፈ ሰው ፍንጣሪውን ወደ ደረቁ ይበትነዋል። የጠወለገው ይጣላል፤ ራሱ ይቀጣጠላልና። እኔ ተረቱ የተወለደው ከመንደር ሳይሆን ከማሳ ዳር ይመስለኛል። ቤት አጠገብ የእንስራ ውሃ አይጠፋም፤ ገለባና ቁጥቋጦ ሲቃጠል ግን ምንጩ ሩቅ ነው፤ የሚገኘው ቅጠል ብቻ ነው። ነበልባሉ ከሰው ቁመት ካለፈ በቅጠል የሚጠጋው የለም።

ዩ-1206 ዳንዚግ (የዛሬዋ የፖላንድ ግዳንስክ) ተሠርታ በ1944 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረች፣ ለመጀመሪያ የውጊያ ጉዞዋ በኤፕሪል 1945 ከኖርዌይ የተነሣች መርከብ ናት። አንድም መርከብ አላሰጠመችም። ሽንት ቤቷ በጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚሠራ አዲስ ዓይነት ነበር፤ ማጠራቀሚያ ስለሌለው ቆሻሻው በታመቀ አየር በቀጥታ ወደ ባሕር ይገፋል። ስለዚህ የቫልቮቹ (የቧንቧው መዝጊያዎች) ቅደም ተከተል ነፍስ ነው፦ የውስጡ ጥብቅ ብሎ ሳይዘጋ የውጩ አይከፈትም። በየ10 ሜትሩ የውሃው ግፊት በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል፤ በ60 እና 70 ሜትር ላይ ውሃው ይወረወራል እንጂ አይንጠባጠብም።

ኤፕሪል 14 ቀን፣ ከስኮትላንድ ፒተርሄድ ወደብ ወጣ ብሎ፣ የፊተኛው ሽንት ቤት ባሕሩን አስገባ። ካፒቴኑ ካርል አዶልፍ ሽሊት እንደገለጸው አንድ መካኒክ የውጩን ቫልቭ ሊጠግን ሞክሮ ነበር። ውሃው ከወለሉ ሥር ወዳሉት ባትሪዎች ወረደ፤ የባሕር ጨውና የባትሪ አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ወጣ። ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ግድ ሆነ። እዚያም የጠላት አውሮፕላን አገኛት፤ መጥለቅ ስለማትችል ባሕረኞቹ ራሳቸው አሰጠሟት። ከ50ው 4 ሞቱ፣ 46 ተረፉ።

የቅጠሉ ጊዜ ቫልቩ ከመነካቱ በፊት ነበር፦ መጀመሪያ ወደ ላይ ቀረብ ብሎ ግፊቱን መቀነስ፣ ከዚያ መጠገን። ጋዝ ከሞላ በኋላ ያለው ማምለጥ ነው፤ ማምለጥ ብልህነት ቢሆንም ይህ ተረት አይመለከተውም። ዛሬ አደጋ በደረሰ ማግስት ስብሰባ ጠርተው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉም እንዲሁ ናቸው። ቃጠሎው ካለፈ ተረቱን ይተዉት።