ሎጎ ታኒኮሞ አይደለም፦ ስለ ብርድ ወራት ዓሣ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የብርድ ወቅት ቅዳሜና እሑድ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ሎጎ ሐይቅ፣ የሚወርዱ ዘንግ ያዥ ወጣቶች አይጠፉም። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቹን ሙያውን ያስተማራቸው አባት ወይም አጎት ሳይሆን ስልካቸው ነው። በስልኩ መስኮት አንድ ፈረንጅ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሶ፣ በረዶ ትከሻው ላይ እያረፈ፣ ጎኑ ሮዝ የሆነ ትራውት የሚባል ዓሣ ከውሃ ያወጣል። ቦታው ብዙ ጊዜ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ያለው ታኒኮሞ ሐይቅ ወይም መሰሉ ነው። ቪዲዮው አይዋሽም። ሰውየው የቆመበት ውሃ ግን የእኛ ውሃ አይደለም፤ ቀጥሎ የማነሣቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

«ዓሣ በብርድ አይበላም»

ከሁሉም ያረጀው ይህ ነው። አብዛኛው ዓሣ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ የውሃው ሙቀት የሰውነቱ ሙቀት ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የበላውን የሚፈጭበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ይበላል፣ ምግብ ፍለጋም ሩቅ አይሄድም። መብላት ግን አያቆምም። ትራውት ደግሞ ለቀዝቃዛ ውሃ የተፈጠረ ነው፦ ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ይመቸዋል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን መመገቡን አይተውም። እንዲያውም ታኒኮሞ ላይ ብርዱ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ከሐይቁ በላይ ካለው የኃይል ማመንጫ ግድብ ጀርባ የሚኖሩ ሻድ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ብርዱ ሲጠና ይሞታሉ፤ ሬሳቸው በተርባይኑ በኩል ወደ ታች ሲወርድ ትራውቱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

የእኛው ቆሮሶ የሙቅ ውሃ ዓሣ ስለሆነ ብርዱ ከትራውት ይልቅ ያደክመዋል። ሆኖም የሎጎ ውሃ በጥር ሌሊትም ቢሆን እንደ አየሩ አይወርድም። በአንድ ማለዳ ጃኬቱን እስከ አገጩ የቆለፈ ወጣት መረቡን ከጀልባ እያወረዱ የነበሩ አንድ አዛውንት አስጋሪን «አባቴ፣ በዚህ ብርድ ዓሣ ይገኛል እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ብርዱ አንተ ላይ ነው ልጄ፣ እርሱ ጋቢ አይፈልግም» አሉት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ማለዳ መገስገስም በብርድ ወራት ብዙ አያተርፍም። ጎሕ ሳይቀድ መውጣት ለሞቃት ወራት የትራውት አጥማጅ ደግ ምክር ነው። በብርድ ጊዜ ግን እዚያም ቢሆን የተሻለው ፀሐይ ውሃውን ነካ ካደረገችው በኋላ ነው። ለቆሮሶ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ የሚያገኘውን ጥልቀት የሌለው ዳርቻ መያዝ ይበጃል። አምባዛ የሚፈልግ ደግሞ ማምሻውንና ሌሊቱን ይጠብቅ።

«ግድብ ካለ ቀዝቃዛ ውሃ አለ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ካለ ትራውት ይኖራል»

ይህን የሚሉት ተከዜን አይተው ነው። በዋግና በትግራይ መካከል የተሠራው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከኋላው ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተፈጠረ። የዋግ ሰው ዛሬ ከዚያ ዓሣ ያወጣል። «ፈረንጆቹ ከግድብ ሥር ትራውት ካረቡ እኛስ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እንግዲህ ከዚህ ነው።

ታኒኮሞ እንዴት የትራውት ሐይቅ ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1913 ወንዙ ተገድቦ ሲፈጠር እንደ አካባቢው ሁሉ የሙቅ ውሃ ዓሣ ይኖርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ከእርሱ በላይ ቴብል ሮክ የሚባል ትልቅ ግድብ ተጠናቀቀ። ይህ ግድብ ውሃውን የሚለቀው ከላይኛው ሽፋን ሳይሆን ከጥልቁ ነው፤ የሚወጣው ውሃ ሐምሌ ላይ እንኳ እጅ ያደነዝዛል፣ 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሙቅ ውሃው ዓሣ ኑሮው ተናጋ፤ በቦታው ትራውት ገባ።

የጥልቅ ውሃን ሙቀት የሚወስነው የዓመቱ ቀዝቃዛ ወቅት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፤ ሙቀቱ ተመልሶ ላዩን ሲያሞቀው የቀዘቀዘው ከሥር እንደታሰረ ይቀራል። ሚዙሪ የብርድ ወቅቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ግድቡ ያንን ብርድ በጎተራ እንደተከተተ እህል ለወራት ያስቀምጠዋል። ተከዜ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር ብዙም በማይርቅ ቆላ ላይ የተኛ ነው። የዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊት እንኳ ውሃውን ትራውት ወደሚመቸው ልክ አያወርደውም። ያልገባ ብርድ ከየት ይወጣል? ግድቡ አምስት መቶ ሜትር ቢረዝምም ውጤቱ ያው ነው።

ቪዲዮው የማያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ ታኒኮሞ ላይ የሚያዘው ቀስተ ደመና ትራውት አብዛኛው እዚያው የተወለደ አይደለም። ከግድቡ ሥር የመንግሥት የዓሣ ማራቢያ አለ፤ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ትራውት እየተረባ ወደ ሐይቁ ይለቀቃል። ከግድቡ ሥር ባለው የላይኛው ክፍል ደግሞ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚለካ ቀስተ ደመና ትራውት የያዘ ሰው መልሶ የመልቀቅ ግዴታ አለበት። ማራቢያው ቢዘጋ፣ ሕጉም ቢላላ፣ ያ ሁሉ ዓሣ ብዙ አይቆይም።

«እሺ ተከዜ ቆላ ነው፤ ሎጎ ግን ደጋ ነው፣ ትራውት ይጨመርበት»

ይህ ከበፊተኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ከፍታን ያስባል። ትራውት በኢትዮጵያ የለም ማለትም ስሕተት ነው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ በዌብና በዳንካ፣ ተለቅቋል። እነዚያ ግን ድንጋይ ለድንጋይ የሚወርዱ፣ አረፋ የሚደፍቁ የውርጭ አገር ወንዞች ናቸው። ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውሃ እየፈሰሰበት ባለ ጠጠር ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ የሚተነፍሰው በጠጠሩ መካከል በሚያልፈው ውሃ ነው።

ሎጎ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለ፣ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ላዩ ለትራውት ይሞቃል፤ ወደ ጥልቁ ቢሸሽ ደግሞ እዚያ ኦክስጅን የለም። ከላይ ሙቀት፣ ከታች መታፈን። ጥቂቱ ቢተርፍ እንኳ የሚራባበት ጠጠራማ ወንዝ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ከሚወርደው ውሃ አያገኝም።

ቢሳካስ? እኔ ባይሳካ እመርጣለሁ። ሎጎ ላይ ዓሣ መጨመር ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ታሪክ አስቀድሞ አለና። ዛሬ የአካባቢው ሰው እንደ ጥንት ንብረቱ የሚያየው ቆሮሶ እዚያ የተለቀቀው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፣ ይህን የሚክድ የለም። ግን ቀድሞ እጅግ ጥርት ያለ የነበረው ውሃ ከዚያ ወዲህ ደፍርሷል፤ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ደቃቅ ፍጥረታትም ተለውጠዋል። ተመራማሪዎች ለውጡን ከዓሣው መግባት ጋር ያያይዙታል፤ ከየተራራው ታጥቦ የሚገባው አፈርም የራሱ ድርሻ አለው። ትራውት ሥጋ በል ነው፤ ትንንሾቹን የአገር ዓሦች አይምርም።

«ትልቁ ዓሣ ጥልቁ ውስጥ ነው»

በሎጎ ጥልቁ ውስጥ ያለው ጨለማ ነው። ቆሮሶ የሚበላው አረንጓዴ ደቃቅ ተክል ብርሃን ባለበት ይበቅላል፤ ጎጆውንም ዳርቻው ላይ ባለው አሸዋ ይቆፍራል። መስመሩን አርባ ሜትር የሚያወርድ ሰው ጊዜውን ለማይተነፈስበት ውሃ እየሰጠ ነው።

ይኸው የታፈነ የታችኛው ውሃ ሌላም የተሳሳተ ወሬ ይወልዳል፤ ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ «ሰው መርዝ ጨመረበት» የሚል። መርዝ የሚጨምር ክፉ ሰው አይጠፋም፣ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ነገር ግን በብርድ ወራት የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ሲከብድ፣ ነፋስም ሲያግዘው፣ ላይና ታች ይደባለቃል፤ ኦክስጅን የሌለው ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ዓሣ በጅምላ ያልቃል። የቢሾፍቱ ሐይቆች በዚህ የታወቁ ናቸው። ለማወቅ የሚፈልግ ሌሊቱ ብርዳም፣ ነፋሱ ብርቱ እንደነበረ አስቀድሞ ይጠይቅ። የሞተበት ሰዓት ያልታወቀ ዓሣ ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ለገበያ አይለቀምም።

«ቆሮሶ ልጆቿን ትበላለች»

መረብ ሲወጣ አጠገቡ የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል፣ ስለዚህ ማሳመን ከባድ ነው። አንዲት ቆሮሶ ከመረቡ ስትላቀቅ አፏን ከፈት ታደርጋለች፤ ከውስጡ ቢጫ፣ ከምስር ያነሱ እንቁላሎች ይረግፋሉ። ጊዜው ገፋ ያለ ከሆነም ዓይናቸው ከአካላቸው የጎላ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ግልገሎች ይፈስሳሉ። ያየ ሰው «በልታቸው ነበር» ቢል አይፈረድበትም።

እናቲቱ ግን እያሳደገቻቸው ነው። ወንዱ አሸዋው ላይ ክብ ጎድጓዳ ይቆፍራል፣ እርሷ እንቁላሏን ትጥልበታለች፣ ከዚያ ወዲያው ሁሉንም በአፏ ትለቅማለች። እስኪፈለፈሉ፣ ከተፈለፈሉም በኋላ ራሳቸውን እስኪችሉ አፏ ውስጥ ትይዛቸዋለች፤ አደጋ ሲመጣ የወጡት ተመልሰው ይገባሉ። በዚህ ጊዜ እርሷ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አፏን ሞልታ የተያዘችን ቆሮሶ በእርጥብ እጅ ይዞ ወዲያው ወደ ውሃ መመለስ የአንድ ዓሣ ጉዳይ አይደለም፤ መቶዎች አብረዋት ይመለሳሉ። እጁ እርጥብ ይሁን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደረቅ እጅ ከቅርፊቷ ላይ ያለውን የሚያሟልጭ ሽፋን ይገፍፈዋል፣ በዚያ በኩል በሽታ ይገባል።

«ትልቅ መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ይይዛል»

አይይዝም። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መንጠቆና የፍሬ ያህል ሊጥ ይበቃዋል። ታኒኮሞ ላይም ቢሆን ትራውቱ አዘውትሮ የሚበላው ከጥፍር ያነሱ የውሃ ነፍሳትንና ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታትን ስለሆነ ብልሆቹ የሚጠቀሙት ፀጉር የመሰለ ቀጭን ክር ነው። ያ እንደ ጣት የወፈረ የሚያብረቀርቅ ማጥመጃ ከውሃው ይልቅ ካሜራ ላይ ያምራል።

«ብርብራ የአገር ዛፍ ነው፤ ኬሚካል አይደለም»

ወደ መርዙ መጣሁ። በአገራችን ወንዞች የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውሃ ላይ መበተን የቆየ ልማድ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር ዓሣው ኦክስጅን እያለ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ትልቁንም ግልገሉንም፣ ዓሣው የሚመገባቸውን ነፍሳትም ሳይለይ ይፈጃል። አስጋሪው የሚለቅመው የተንሳፈፈውን ጥቂቱን ነው፣ የቀረው ሰምጦ ይበሰብሳል። ከዛፍ መገኘቱ የሚለውጠው ነገር የለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣም ዓመታት አልፈዋል፤ «ሕግ የለም» የሚል ሰበብ አይሠራም።

«ዝናብ ከሌለ ወንዙ አይሞላም»

ከግድብ በታች ይህ እምነት ሰው ይገድላል። ኃይል ማመንጫ ውሃ የሚለቀው መብራት ሲፈለግ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት በጥር ቀትርም ይለቃል። ሚዙሪ ላይ ውሃው ከመለቀቁ በፊት የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይነፋል፤ ያንን የሰማ አጥማጅ ዓሣ መንጠቆው ላይ ቢሆንም እንኳ ወደ ዳር ይወጣል። ከተከዜ ግድብ ሥር የሚወርድ ሰው ከመውረዱ በፊት የአካባቢውን ሰው ይጠይቅ፤ ወንዙ መካከል ያለ ድንጋይ ላይ አይውጣ። ዳር ላይ ምልክት ያደረገበት ድንጋይ መርጠብ ከጀመረም ዕቃውን ትቶ ይሂድ።

«በብርድ ወራት ዓሣ አይበላሽም»

በፌስታል ታስሮ፣ ሆዱ ሳይከፈት፣ ከሐይቅ እስከ ደሴ በሚኒባስ መቀመጫ ሥር የተጓዘ ዓሣ የሚደርሰው ታምሞ ነው። የአየሩ ብርድ ፌስታሉ ውስጥ አይገባም። ዓሣው እንደተያዘ ሆድ ዕቃውና የሚተነፍስበት ስንጥቡ ይውጣ፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ በረዶ ከተገኘ በበረዶ፣ ካልተገኘ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ አየር በሚያገኝ ቅርጫት ይቀመጥ። የሚገዛ ሰው ደግሞ ስንጥቡ ገና ካልወጣ ገልጦ ይይ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ይውሰድ፣ ቡናማ ከሆነ ወይም ዓይኑ ወደ ውስጥ ከገባ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድለት ይተወው። የተረፈው የማብሰል ጉዳይ ነው፤ ወሎ ላይ ደግሞ ዓሣ መታረድን ስለማይጠይቅ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይበላዋል፣ ጥብሱ ላይ አዋዜው ይብዛ ይነስ የሚለው ክርክር ብቻ ይቀራል።